የመጋቢት ፀሐይ አትለፍህ

ልጄ፣ ሳንጃ ላይ የላስቲክ ቤት ተክለህ ቲማቲምና ቃሪያ ለማምረት መነሣትህ ደግ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ለሰሊጡና ለማሽላው ሥራ ከየአገሩ የሚወርደው ሰው፣ ከዚህ እስከ አብርሃ ጅራና እስከ መተማ ያለው ከተማ ሁሉ፣ ቲማቲሙን የሚጠብቀው ከፎገራና ከደጋው ነው። ጭነቱ በሙቀትና በመንገድ ሲንገላታ ውሎ ብዙው ፈርጦ ይወርዳል። እዚሁ ለሚያመርት ሰው ገበያ አይጠፋም።

መከራው የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው። በዚያው አፈር ቲማቲም በቲማቲም ላይ ሲተከል በሽታው ከሥር ይጠራቀማል። ለምለም የነበረው ተክል እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ያገግማል፣ በሳምንቱ ይደርቃል። ነቅለህ ስታየው ሥሩ በየቦታው አብጦና ተቋጥሮ ታገኘዋለህ፤ ወይም ግንዱን ስትሰነጥቀው ውስጡ ቡናማ ሆኗል። ያን ጊዜ ሰው ወደ መድኃኒት ሱቅ ይሮጣል። እኔ ከዚያ አስቀድሜ ልምከርህ። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ የሚሸሻት የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ፣ ውኃና ፍግ ካገኘች አፈርህን ታጸዳልሃለች። ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ጊዜህን ከቆላው ጋር አስማማ።

የላስቲክ ቤት ሙቀት በሚያንሰው አገር የተፈጠረ ሥራ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተማ ግን 700 ሜትር አካባቢ ነው። በደጋ ሙቀት ለመያዝ የሚሠራውን ቤት እዚህ ስትተክል ዓላማው መለወጥ አለበት። ለእኛ ቤቱ የሚጠቅመው በክረምት ነው፤ ጣራው ዝናቡን ከቅጠሉና ከፍሬው ላይ ይከለክላል፣ ጎኑ ደግሞ በመረብ ብቻ ተሸፍኖ ነፋስ ያስገባል። ጣራው ከፍ ያላለ፣ ጎኑ የማይከፈት ቤት እንድትሠራ የሚመክርህን ሰው አትስማ።

ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ግን ምንም ብታደርግ ቲማቲም አይሆንልህም። ቀኑ ከ35 ዲግሪ፣ ሌሊቱም ከ25 ዲግሪ ካለፈ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ የእኛ ቆላ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ብዙ ሰው በዚህ ወቅት ቤቱን ክፍት ትቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። አንተ ግን ዝጋው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መባቻ ያለው ስድስት ሳምንት ደመና የማይበዛበት፣ ፀሐይዋ ከዓመቱ ሁሉ የበረታችበት፣ ቤትህም ባዶ የሆነበት ጊዜ ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ የሚገጥሙበት አገር ብዙ አይደለም።

2. የነገሩን ምንጭ ዕወቅ፤ ለሚጠይቅህ ሰው መልስ ይኑርህ።

በ1970ዎቹ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ እንደኛው በሚያቃጥል አገር፣ የእስራኤል ገበሬዎችና የግብርና ባለሙያዎች በላስቲክ የተሸፈነ አፈር ብርቱ ሙቀት እንደሚይዝ አስተዋሉ። ያዕቆብ ካታን የተባሉ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ነገሩን ፈትነው ውጤቱን በ1976 አሳተሙ። እርጥብ አፈር ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ለሳምንታት ተሸፍኖ ሲቆይ፣ ተክል የሚያጠወልጉት ፈንገሶችና የአረም ዘሮች በብዛት ይሞታሉ።

በዚያ ዘመን ገንዘብ ያለው አገር የላስቲክ ቤቱን አፈር የሚያጸዳው ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ነበር። ጋዙ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር ታግዷል፤ ለታዳጊ አገሮች የተሰጠው የመጨረሻ ጊዜም በ2015 አብቅቷል። ስለዚህ ዛሬ ፀሐይን የሚጠቀመው ድኻ ገበሬ ብቻ አይደለም። የስፔኑ፣ የጣሊያኑና የጃፓኑ አትክልተኛም ፊቱን ወደዚሁ አዙሯል።

3. ፀሐይ ብቻዋን ሙሉ ሥራ አትሠራም።

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን አፈር ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ቢያልፍም፣ የቲማቲም ሥር በሚወርድበት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከ40 በታች ይሆናል። ሥር የሚያቋጥረው በዓይን የማይታይ ትል፣ ኔማቶድ የሚባለው፣ ወደ ታች ወርዶ ያን ጊዜ ያሳልፋል።

ፍጉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጃፓን ናራ በተባለው ግዛት ኮዳማና ፉኩይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ የእንጆሪ ገበሬዎች በአጠውልግ በሽታ ሲቸገሩ የተከተሉት መንገድ ይህ ነበር። የሩዝ ጭድ ቆራርጠው ናይትሮጂን ካለው የኖራ ማዳበሪያ ጋር ከአፈሩ ቀላቀሉ፣ በውኃ አጥለቀለቁት፣ በላስቲክ ሸፈኑት፣ ከዚያም የላስቲክ ቤቱን በርና መስኮት ዘግተው በበጋቸው ፀሐይ ተዉት። በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት አዲሱን ምግብ ሲያገኙ በፍጥነት ይራባሉ፣ በአፈሩ ያለውን አየር ተንፍሰው ይጨርሳሉ። አየር ሲያልቅ ሥራው ወደ መፍላት ይሄዳል፤ እንደ ኮምጣጤ ያሉ አሲዶችና አሞኒያ ይወጣሉ። በሽታ አምጪዎቹን በአንድ በኩል ሙቀቱ፣ በሌላ በኩል የአየር ማጣቱና እነዚህ አሲዶችና ጋዞች ያጠቋቸዋል። ሙቀቱ ብቻውን ሊገድል በማይችልበት ጥልቀት እንኳ ሁለቱ ተባብረው ይገድላሉ። ላስቲኩ እዚህ ላይ እንደ ምጣድ አክንባሎ ነው፤ እንፋሎቱ ካመለጠ እንጀራው አይበስልም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬው አፈሩን ከእበትና ከሣር ጋር ቆልሎ የሚያቃጥልበት ጥንታዊ ልማድ ነበር። እርሱም ሙቀት አፈር እንደሚያድስ ገብቶት ነው፤ ብልሃቱን አከብረዋለሁ። እሳቱ ግን የአፈሩን ብስባሽ ራሱን ይበላዋል፣ ከጥቂት አዝመራ በኋላም መሬቱ ለረዥም ዘመን ጦም ማደር ይኖርበታል። እኔ የምመክርህ መንገድ ብስባሽ እየጨመረ የሚሄድ ነው።

4. የምትጨምረውን ነገር ምረጥ።

የግብርና ባለሙያ ሲያስተምርህ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ጨምር ብሎሃል። ትክክል ነው፣ ለማዳበሪያ ከሆነ። ለዚህ ሥራ ግን ፈልቶ ያለቀ ኮምፖስት አይረዳህም፤ ጋዝ የሚያወጣው፣ አየሩን የሚጨርሰው ትኩሱ ወይም ግማሽ የበሰበሰው ነው። በሌላ ጊዜ ትኩስ ፍግ ያመጣብኛል ብለህ የምትፈራው የአረም ዘር እዚህ በሙቀቱ ይጠፋል። ኮምፖስትህን አስቀምጠው፤ ኋላ ተከላ ሲደርስ ትፈልገዋለህ።

በእኛ አገር የሚገኘውን ልቁጠርልህ። ከብትና ፍየል አይጠፋም፤ በረት ውስጥ የተጠራቀመ እበትና የፍየል በጠጥ በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ታገኛለህ። በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል። የዶሮ ኩስ ካገኘህ ከዚያ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ቀንሰህ በእርሱ ተካ፤ አሞኒያው ብርቱ ነው። የማሽላ አገዳና የሰሊጥ ጭራሮ በየማሳው ተበትኖ ታያለህ፤ ነገር ግን ብቻውን ከገባ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጂን ወደ ራሱ ይስባል፣ ተክልህም ቢጫ ይሆናል። በደቃቁ ከትፈህ ከፍጉ ጋር ካልቀላቀልከው ተወው። ጃፓኖች ፉርሽካ በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይጠቀማሉ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ እዚህ ግን የከብት መኖ ስለሆነ ዋጋው አያዋጣህም።

አሁን ደግሞ ብዙዎች ያላስተዋሉትን ልንገርህ። እናትህ ምጣድ የምታስስበት ጎመን ዘር በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ ከተመረጡት ተክሎች አንዱ ነው። ይህ የእኛው የሀበሻ ጎመን ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው። ፍሬው ወይም ቅጠሉ ሲደቅና ውኃ ሲነካው ሲኒግሪኑ ተለውጦ አፍንጫን የሚወጋ ጋዝ ያወጣል። ሰናፍጭ ስትቀምስ ዓይንህን የሚያስለቅስህ ያው ነው። ጋዙ በፈንገስም በኔማቶድም ላይ ይበረታል። ጣሊያኖች የዚህን የኢትዮጵያ ጎመን ዘር ዘይቱን ጨምቀው ፋጉሎውን በጥራጥሬ መልክ አዘጋጅተው ለአትክልተኞቻቸው ይሸጣሉ። ዘሩ ከእኛ ደጋ የወጣ ሆኖ ሳለ ጥቅሙን ሌላው አውቆት እኛ ምጣድ ከማሰስ አለማለፋችን ይቆጨኛል።

ጎመን ዘር በቆላ አይሆንልህም፤ ከዳባትና ከወገራ በጎንደር ገበያ በኩል ይመጣልሃል። ፋጉሎውን ካገኘህ በካሬ ሜትር ሩብ ኪሎ ያህል በቂ ነው። ስትገዛ ግን ዘይቱ እንዴት እንደተጨመቀ ጠይቅ፤ በብርቱ ሙቀት የተጨመቀ ከሆነ ያን ጋዝ የሚያስወጣው ኢንዛይም ሞቷልና ተራ ማዳበሪያ ብቻ ይሆንብሃል። ፋጉሎ ካጣህ የጎመንና የጥቅል ጎመን ቅጠል ከገበያ ተረፈ ምርት ሰብስብ፤ እርሱ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ይፈልጋል፣ በዚያው ዕለት ተከትፎ መቀበር አለበት።

የጨመርከውን ሁሉ በላይ በትነህ አትተወው። እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቆፍረህ ከአፈሩ ጋር በእኩል አዋሕደው፣ ጓሉን ሰባብረህ ደልድለው። የተከላ መደብህንም አሁኑኑ አውጣ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሃለሁ።

5. ውኃውን አትሰስት።

ደረቅ አፈር ሙቀት ወደ ታች አያወርድም፤ በደረቅ አፈር ውስጥ ያለ ዘርና ሕዋስም ተኝቶ ሙቀቱን ይቋቋማል። እርጥበት ሲያገኝ ነው የሚነቃውና የሚሞተው። የእኛ መሬት ዋልካ መሆኑ በአንድ በኩል ይጠቅምሃል፣ አንዴ ከጠጣ ለሳምንታት ይይዛል። በሌላ በኩል በመጋቢት ዋልካው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ ካልተዘጋ ጋዙ ሁሉ በእርሱ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀስታ አጠጣው፣ አንድ ቀን አሳድረው፣ ስንጥቁ ሲገጥም ደግመህ አጠጣው።

መጠኑን ልንገርህ። አንድ ካሬ ሜትር ደረቅ ዋልካ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ለማርካት ከ60 እስከ 80 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ወይም አራት ማለት ነው። 100 ካሬ ሜትር ቤት ካለህ ከ6000 እስከ 8000 ሊትር አስብ። በዚያ ወር ወንዙ ይቀጥናል፣ ለሰውና ለከብት የሚያስፈልገውን መንካት አይገባም፤ ይህን ውኃ የምታገኝበትን ከየካቲት በፊት አስበህ ካላዘጋጀህ ሥራውን አትጀምር። ጠብታ መስኖ ካለህ ቱቦውን ከላስቲኩ ሥር ዘርጋው፤ በሦስተኛው ሳምንት ጥቂት ለመጨመር ይጠቅምሃል።

6. ላስቲኩ የሚያሳልፍ ይሁን።

ገበያ ላይ ጥቁሩን ሊሸጡልህ ይፈልጋሉ። ጥቁር ላስቲክ ሙቀቱን ለራሱ ይዞ አፈሩን በጥላ ያኖረዋል፤ አረም ያፍናል እንጂ እንደሚያሳልፈው አያሞቅም። ብርሃን የሚያሳልፈውን፣ ውፍረቱ ከ25 እስከ 50 ማይክሮን የሆነውን ግዛ፤ ፀሐይ እንዳይበጣጥሰው መከላከያ ያለው ከሆነ ለሁለተኛ ዓመትም ይሆንሃል። ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሸፍን፣ በመስመር በመስመር አትከፋፍለው፤ ጠርዝ ባለበት ሁሉ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ በሽታውም የሚተርፈው እዚያ ነው። ላስቲኩ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይተኛ። ጠርዙን አንድ ስንዝር ቆፍረህ ቅበረው፣ ረግጠህ አጥብቀው። ቀዳዳ ካየህ በዚያው ቀን በፕላስተር ድፈን። ከዚያ የቤቱን በር ዝጋ፣ የመረቡንም ጎን በላስቲክ ሸፍን።

7. ሙቀቱን ለካ እንጂ አትገምት።

አንድ ቴርሞሜትር ግዛ። በ10 እና በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከቤቱ መካከልም ከጠርዙም አጠገብ ለካ። ላይኛው አፈር ከሰዓት በኋላ፣ ታችኛው ግን አመሻሽ ላይ ነው የሚሞቀው፤ ሰዓቱን እንዳታሳስት።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እንድታውቅ አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ቬርቲሲሊየም የሚባለው አጠውልግ ፈንገስ በ50 ዲግሪ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ አብዛኛው ይሞታል፤ በ37 ዲግሪ ግን ያንኑ ለመግደል አንድ ወር ገደማ ያስፈልጋል። ከታች ያለው አፈር 38 እና 40 ላይ ቢቆም ተስፋ አትቁረጥ፤ ነገር ግን ላስቲኩን በሦስተኛው ሳምንት ለማንሣት የሚጎተጉትህን አትስማ። ስድስቱን ሳምንት ሙላው።

8. ራስህን ጠብቅ።

የተዘጋ የላስቲክ ቤት በሚያዝያ እኩለ ቀን ሰው ይጥላል። ሥራህን በማለዳ ብቻ ሥራ፣ ብቻህን አትግባ፣ ውኃ ይዘህ ግባ። የዶሮ ኩስ ያለበትን ቤት በሩን ከፍተህ ሳታናፍስ አትግባ፤ አሞኒያው ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ልጆች እንዳይጫወቱበት ቆልፈው። ላስቲኩም ሲያረጅ በሜዳ አትጣለው፤ ከብት ከበላው ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድለዋል። የጎረቤትህን በሬ ከገደልክ የቲማቲሙ ትርፍ አይክሰውም።

9. ላስቲኩ ሲነሣ ለመትከል አትቸኩል።

በግንቦት መባቻ ላስቲኩን አንሣ፣ ጎኑን ክፈት፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አፈሩ ይተንፍስ። የቀረ አሲድና አሞኒያ ካለ ችግኙን ያቃጥለዋል። መውጣቱን ለማወቅ ፌጦ ይበቃሃል። ከተለያየ ቦታ አፈር ወስደህ በጣሳ አድርግና ፌጦ ዝራበት፤ ሌላ ጣሳ ላይ ደግሞ ካልታከመ ቦታ የወሰድከውን አድርግ። ፌጦ በሦስት በአራት ቀን ይበቅላል። ሁለቱ እኩል ከበቀሉ መሬትህ ዝግጁ ነው። የታከመው አፈር ላይ ያለው ከቀጨጨ ወይም ጫፉ ከደረቀ ሌላ ሳምንት ጠብቅ። በትልልቅ ላቦራቶሪዎችም የኮምፖስትን መብሰል የሚፈትኑት በዚሁ ተክል ነው፤ እኛ ቤት ከመድኃኒትነቱ የተነሣ አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ መሬቱን በጥልቀት አትቆፍር፣ አትገልብጥ። መደቡን አስቀድመህ አውጣ ያልኩህ ለዚህ ነው። የጸዳው የላይኛው ክፍል ነው፤ ብትገለብጠው ታች የተረፈውን በሽታ ወደ ላይ ታወጣዋለህ። ችግኝ በሚገባበት ጉድጓድ ልክ ብቻ ቆፍር፣ ያቆየኸውን የበሰለ ኮምፖስት በእርሱ ውስጥ ጨምር። ሙቀቱ ሁሉን አይጨርስም፤ ትራይኮደርማና ባሲለስን የመሰሉ ጠቃሚ ሕዋሳት ከብዙዎቹ በሽታ አምጪዎች ይልቅ ሙቀት ይችላሉ፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ቀድመው ይይዛሉ። ፍጉም ስለሚፈታ ናይትሮጂኑ ይበዛል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ዩሪያ አትጨምር፣ ቅጠል ብቻ ይሆንብሃል።

10. በሽታው የሚመለስበትን በር ዝጋ።

ከማይታወቅ ቦታ የተገዛ ችግኝ በሥሩ ኔማቶዱን ይዞ ይገባል፤ የስድስት ሳምንት ድካምህ በአንድ ቀን ይጠፋል። የጎረቤት ማሳ አጥቦ የመጣ የቦይ ውኃ አታስገባ። ዶማና አካፋህን እጠብ፣ በረኪና በተቀላቀለ ውኃ ንከር፤ በበሩ ላይ ጫማ የሚነከርበት ገንዳ አድርግ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬና ድንች የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ቦታ ቢቀያየሩም ለበሽታው ያው ናቸው። አንድ ዙር ሽንኩርት አስገባ።

11. የማይችለውንም ዕወቅ።

የሰሊጥና የማሽላ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ቤትህን ከተከልክ ማክሮፎሚና የሚባል፣ የተክሉን ሥርና አገዳ አክስሎ የሚያደርቅ ፈንገስ ይኖራል። እርሱ ሙቀት ወዳድ ነው፣ በላስቲክ ብቻ አይበገርም። በሕንድ ራጃስታን፣ ጆድፑር በሚገኘው የደረቅ አገር ምርምር ተቋም በ1990ዎቹ የተሠራው ሥራ ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለው። የጎመን ዘመድ የሆኑ ተክሎችን ተረፈ ምርት ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው ሲያጠጡ፣ ሙቀቱ ያንን ፈንገስ ይበልጥ ቀነሰው፤ በዚያ በሚያቃጥል በጋ ላስቲክ ሳይሸፈን እንኳ ተረፈ ምርቱና ውኃው የሚታይ ለውጥ አምጥተዋል። ላስቲክ መግዛት የማትችል ከሆነ ይህን አስታውስ።

እንግጫና እርሱን የመሰለ ከሥር ፍሬ የሚቋጥር አረም ከላስቲኩ ሥር ሳይሞት ሊቀር ይችላል፤ አስቀድመህ በእጅህ ለቅመህ አውጣው። በነጭ ዝንብ የሚተላለፈውን ቅጠል የሚያኮማትር ቫይረስ አፈር ማጽዳት አይከለክለውም፤ እርሱን የሚመልሰው የጎኑ መረብ ነው። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም ተባይ ግን አፈር ውስጥ ሙሽሬ ሆና ስለምትቆይ የተዘጋው ቤት ሙቀት ይፈጃታል።

በአንድ ዓመት ሁሉን አትጠብቅ። በስፔን ሙርሲያ፣ በካርታጌና ሜዳ ያሉ የቃሪያ አምራቾች የበግና የዶሮ ፍግ ከፀሐይ ጋር አጣምረው ሲሠሩ ውጤቱ በየዓመቱ በተደገመ ቁጥር ነው የተሻሻለው። ከዓመት ዓመት የሚጨመረውንም ፍግ መቀነስ ችለዋል።

12. ገንዘብህ ካነሰ በችግኝ መደብ ጀምር።

ቤት የሌለው ወጣት ይህን ምክር ለባለሀብት የተነገረ አድርጎ እንዳያየው። ችግኝ ከአንገቱ እየቀጠነ የሚወድቅበት በሽታ የሚጀምረው መደብ ላይ ነው፤ 10 ካሬ ሜትር መደብ ለማከም ደግሞ ቁራጭ ላስቲክ፣ 40 ኪሎ ያህል ፍግና ከ30 እስከ 40 ጀሪካን ውኃ ይበቃል። በላስቲክ ከረጢት ችግኝ የምታፈላ ከሆነ የሚሞላበትን እርጥብ አፈር በሁለት ድርብ የሚያሳልፍ ላስቲክ ሥር ዘርግተህ ሙቀቱን ለካ፤ በካሊፎርኒያ ለችግኝ አፈር የተቀመጠው መለኪያ 70 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ወይም 60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ነው። በእኛ ፀሐይ ወደዚህ መቅረብ አይከብድም።

መደቡ ከቤቱ መቅደም አለበት። በሰኔ መጀመሪያ የምትተክለው ችግኝ በሚያዝያ አጋማሽ መዘራት ስላለበት፣ የመደቡ ላስቲክ በመጋቢት መጨረሻ ተነሥቶ አፈሩ መተንፈስ ይኖርበታል። ከመደቡ አጠገብም ያልታከመ ቁራጭ ተው፣ አንድ ዓይነት ዘር ዝራበት፣ የወደቀውንና የቆመውን ችግኝ ቆጥረህ ጻፍ። ጽሑፉን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከተቻለህም ለጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል አድርስ፤ ለሳንጃ ዋልካ የሚበጀውን መጠን በርግጠኝነት መናገር የሚቻለው በሳንጃ ዋልካ ላይ ከተለካ ብቻ ነው። ይህን ሥራ ከአንተና ከጓደኞችህ በቀር የሚሠራልን የለም።

ፍጉን ከጥር ጀምሮ አጠራቅም። የችግኝ መደቡ ላስቲክ እስከ የካቲት 20፣ የቤቱ ላስቲክ እስከ መጋቢት 15 ጠርዙ ተቀብሮ ይለቅ።